ትንፋሽም ይለካል

በዚህ የቤተሰብ ማዕዘን ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ስለ ውኃ ንጽሕናና ስለ ደመወዝ አያያዝ ስንጽፍ ቆይተናል። የዛሬውን ርእስ ግን እኛ አልመረጥነውም፤ እርሱ ራሱ ጂቡቲ ከተማ ላይ አገኘን ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ለሥራ ጉዳይ ከጥቂት ጓዶች ጋር ወደዚያች የወደብ ከተማ የወረድነው በሐምሌ ወር ነበር። የሐምሌን ጂቡቲ ያልቀመሰ ሰው ስለ ትንፋሽ ማጠር ሲነገረው ነገሩ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ይሰማው ይሆናል። የአገሩ ሰዎች ካምሲን የሚሉት ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ ተነሥቶ አሸዋውን እየጠረገ ወደ ባሕር ሲገሠግሥ፣ ደኅናው ሰው እንኳ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ፣ አየር በስፍር የተሰጠው ይመስል ቆጥቦ ይተነፍሳል። ከከተማው መውጫ ፒኬ ዱዝ በተባለው ሠፈር የአገራችን ከባድ መኪናዎች ተራቸውን እየጠበቁ ይሰለፋሉ። የናፍጣው ጭስና የመንገዱ አቧራ ተቀላቅለው ከሰው አናት በላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ።

ከመካከላችን የአንዱ ጓድ አክስት የሚኖሩት በዚያው አቅጣጫ በባልባላ ነው። እርሳቸው የድሬዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ደግሞ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከአሰብ በባሕር ተሻግረው ጂቡቲ ከገቡትና በዚያው ኑሮ ከመሠረቱት የቀድሞው የባሕር ኃይል አባላት አንዱ ናቸው። ስማቸውን መጥቀስ ስላላስፈለገን እርሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እያልን እንቀጥላለን፤ እኛም ስንጠራቸው የነበረው እንዲሁ ነው። ጋሼ ከ20 ዓመት በላይ በወደቡ ውስጥ ስንዴና ማዳበሪያ ከመርከብ ሲራገፍ ጆንያ በመሙላትና በመሸከም ሠርተዋል። እትዬ በበኩላቸው ለሾፌሮቻችን እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ሦስት ልጆች አሳድገዋል። ምጣዳቸው የተተከለው በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በሯ አንድ ነው፤ መስኮት የላትም።

ሁለቱም ያስላቸዋል። የጋሼ ሳል በሠፈሩ የታወቀ ነው፤ ሌሊት ሲነሣባቸው ጎረቤት ሁሉ ይነቃል። የእትዬ ሳል ግን ማንም የማይቆጥረው፣ እርሳቸውም ራሳቸው የማይቆጥሩት ሳል ነበር። ጠዋት ምጣዱ ፊት ሲቀመጡ ይጀምራቸዋል፤ ሲጨርሱ አክታቸውን ተፍተው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ማን ያስተውለዋል?

ጋሼን በመጀመሪያ «ብርድ ነው» አሏቸው፤ በጂቡቲ ብርድ ከወዴት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። ቀጥሎ በአንድ የሕክምና ቤት «የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» ተባለና፣ በአክታቸው ውስጥ አንዳች ነገር ሳይገኝ ስድስት ወር ሙሉ ክኒን ዋጡ። ሳሉ መድኃኒቱን አልሰማም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልብ ነው፣ አለርጂ ነው፣ የሲጋራ ቅጣት ነው የማይል ሰው አልተገኘም፤ ሲጋራን እርሳቸው ከተዉ 15 ዓመት አልፏል። እትዬ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው የተሰጣቸው ምክንያት አጭር ነበር፦ ውፍረትና ዕድሜ።

እዚህ ላይ በማንም ሐኪም ላይ ጣት ለመቀሰር አንፈልግም። ሳል፣ አክታ፣ የደረት መጥበብና የትንፋሽ ማጠር የብዙ በሽታዎች የጋራ ቋንቋ ናቸው። አስም በዚሁ ቋንቋ ይናገራል፤ በጭስና በትንባሆ የሚመጣው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በዚሁ ይናገራል፤ ነቀርሳም፣ የልብ ድካምም፣ የደም ማነስም እንደዚሁ። የሐኪሙ ማዳመጫ በደረት ውስጥ የሚያፏጨውን ድምፅ ይሰማል እንጂ አይለካም። ራጅም የሳንባን መልክ ያሳያል እንጂ ሥራውን አያሳይም። መድፈኛ ጓዶቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፦ ዒላማን ማየት አንድ ነገር ነው፣ ርቀቱን መለካት ሌላ። ትኩሳት ሲጠረጠር ቴርሞሜትር እንጠይቃለን፤ የደም ግፊት ሲጠረጠር ክንዳችንን እንዘረጋለን። የትንፋሽ ነገር ሲሆን ግን አብዛኛዎቻችን በግምት ታምመን በግምት እንታከማለን።

የወንድማቸው ልጅ ከብዙ ልመና በኋላ ጋሼን ስላሳመናቸው፣ በነጋታው ሁላችንም ወደ አንድ የሕክምና ቤት አብረን ሄድን። የምርመራው ክፍል የሚገኘው በሁለተኛው ፎቅ ነው። ጋሼ አንድ ጊዜ ቆመው ወጡ። እትዬ ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ በየቆሙበትም የቆሙት ስለ ድካማቸው ሳይሆን ነጠላቸውን ለማስተካከል መስለው ነበር። ይህን ያስተዋልነው ኋላ ነው።

የመለኪያው ስም ስፓይሮሜትር ይባላል። በዘመናችን መጠኑ ከእጅ ስልክ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚለወጥ የአፍ ቱቦ አለው። አሠራሩ ለማየት ቀላል፣ ለመሥራት ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስባል፤ ከንፈሩን በቱቦው ላይ አጥብቆ ይገጥማል፤ ከዚያም ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ በአንድ ጊዜ ይነፋል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ባዶ የሆነ በሚመስለው ሳንባ ስድስት ሰከንድና ከዚያም በላይ ሳያቋርጡ መግፋት ያስፈልጋል። መርማሪዋ ወጣት የጂቡቲ ተወላጅ «ሱፍሌ! ሱፍሌ! ሱፍሌ!» እያለች እንደ ማሠልጠኛ አሥር አለቃ ትጮህባቸው ነበር፤ በፈረንሳይኛ «ንፉ» ማለት ነው። ጋሼ በመጀመሪያው ሳል አቋረጣቸው፤ በሁለተኛው ሳቅ። የተስተካከሉ ሦስት ንፋቶች እስኪገኙና ከእነርሱም ሁለቱ ምርጦች እርስ በርሳቸው ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ እስካይለያዩ ድረስ ሥራው ይደገማል። አንዲት ንፋት ብቻ ተወስዳ ውጤት ከተጻፈ ያ ምርመራ ምርመራ አይደለም፤ አንባቢያችን ይህን ይያዙልን።

መሣሪያው ሁለት ዋና ቁጥሮችን ይሰጣል። አንደኛው ሰውየው እስከ መጨረሻው ነፍቶ ያወጣው ጠቅላላ አየር ነው። ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ብቻ የወጣው ነው። ይህችን የአንድ ሰከንድ መለኪያ በ1947 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ቲፍኖና ፒኔሊ የተባሉ የፓሪስ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የፈረንሳይን ትምህርት የተከተሉ ሐኪሞች እስከ ዛሬ በቲፍኖ ስም ይጠሯታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ደኅና ሳንባ ካለው አየር አብዛኛውን፣ ማለትም ከመቶ 70 እጅና ከዚያ በላይ፣ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ይተፋዋል። የአየር ቧንቧው የጠበበ ሳንባ ግን አየር ቢኖረውም ቶሎ ማውጣት አይችልም። ለስብሰባ የታጨቀ አዳራሽ በአንዲት ጠባብ በር ሲወጣ እንደማለት ነው።

ጋሼ በጠቅላላው 3.5 ሊትር ሲነፉ፣ በአንድ ሰከንድ የወጣው 2.1 ሊትር ብቻ ሆነ፤ ይህም ከመቶ 60 እጅ መሆኑ ነው። ቧንቧው ጠቧል። ግን የጠበበው ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው? ይህን ለመለየት የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል 400 ማይክሮግራም ሳቡና 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ በድጋሚ ነፉ። በአንድ ሰከንድ የወጣው 2.9 ሊትር፣ በጠቅላላው 3.6 ሊትር! ከመቶ 60 የነበረው ከመቶ 80 በላይ ሆነ። የአስም ሐኪሞች የአንድ ሰከንዱ አየር ከ12 በመቶና ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ሲጨምር ቧንቧው ለመድኃኒት ተከፈተ ይላሉ፤ የጋሼ 800 ሚሊ ሊትር ጨመረ። የያዛቸው ነቀርሳም፣ ብርድም፣ የሲጋራ ቅጣትም አልነበረም። አስም ነበር። ሐኪሙ ከወደብ ሥራ ሲያርፉ ይሻልዎታል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጋሼ ጥቂት አሰብ አድርገው «በበዓል ሰሞን እተኛለሁ» አሉ። የእህል አቧራ በሠራተኛ ላይ አስም ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። 20 ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል እያስተረጎሙ የነበሩት እትዬ ናቸው፤ ጋሼ ከባሕርተኛነት ዘመናቸው የቀራቸው ጥቂት እንግሊዝኛ እንጂ ፈረንሳይኛ የላቸውም። ሐኪሙም በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ሁለት ጊዜ ሲያስሉ ሰማቸውና ብዕሩን አስቀምጦ «እርስዎስ?» አላቸው።

«እኔማ ደኅና ነኝ፤ የመጣሁት ለእርሱ ነው» አሉ።

«በምን ላይ ነው ምግብ የሚያበስሉት?» አላቸው።

እትዬ ነፉ። በጠቅላላው 2 ሊትር፣ በአንድ ሰከንድ 1 ሊትር፤ እኩሌታው። መድኃኒቱን ስበው 15 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ በአንድ ሰከንድ የወጣው 1.04 ሊትር ሆነ። አልተከፈተም። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ሺሻ ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሴት፣ በትንባሆ ብዛት ከሚጠፋ ሳንባ ጋር የሚመሳሰል ሳንባ ይዘው ተገኙ። ያጨሱት ምጣዱን ነው። እንጨትና ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ሥር ለሰደደው የአየር ቧንቧ መጥበብ ዋነኛ ምክንያቶች ከሚባሉት አንዱ ነው። በታዳጊ አገሮች በዚህ መንገድ የሚጎዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጋሼ የሰሙትን ለማመን አልቻሉም። «እኔ ነኝ በሽተኛው» ይሉ ነበር ደጋግመው፤ እንደ ተነጠቁ ዓይነት።

እኛም በዚያን ቀን ያሰብነው ይህን ነው። ቤተሰብ ሁሉ የአባወራውን ሳል ሲቆጥር የእናቲቱን ማን ቆጠረ? ወታደሩ በሰልፍ ሩጫ ወደ ኋላ ሲቀር አለቃው ያየዋል፤ ክሊኒክ ይላካል። ባለቤቱ ግን የምትሮጥበት ሜዳ ስለሌለ ወደ ኋላ መቅረቷ አይታይም። ውኃ ለመቅዳት ስትሄድ ሁለት ጊዜ ማረፍ ከጀመረች፣ እንጀራ ስትጋግር እየወጣች አየር የምትስብ ከሆነ፣ ያ የእርሷ የሰልፍ ሩጫ ውጤት ነው።

በመሠረቱ ይህ መሣሪያ ከወታደር ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የመጀመሪያውን ስፓይሮሜትር በ1846 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳወቀው ጆን ሃችንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ሲለካ ከመካከላቸው የንግሥቲቱ ዘብ ወታደሮች፣ መርከበኞች፣ ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ሰው ቁመቱ በጨመረ ቁጥር የሚነፋው አየር እንደሚጨምር በአኃዝ ያሳየ እርሱ ነው። ዛሬም ከምርመራው በፊት ቁመት የሚለካው፣ ዕድሜና ጾታ የሚጠየቀው መሣሪያው የታካሚውን ውጤት እርሱን ከመሰለ ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው ጋር ስለሚያስተያይ ነው።

ነገር ግን ጤነኛው ማን ነው ተብሎ ተወሰነ? ታሪኩ እዚህ ላይ ይጨልማል። ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1869 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ጉልድ ያሳተመው ሰፊ የወታደሮች ጥናት የጥቁር ወታደሮች ሳንባ ከነጮቹ የሚይዘው አየር ያነሰ መሆኑን በአኃዝ አቀረበ። እነዚያ ሰዎች ከባርነት የወጡት ትናንት መሆኑ፣ የበሉትና የተኙበት ሁኔታ ከቁጥር አልገባም፤ ጉድለቱ የተፈጥሮ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ መሣሪያዎች ላይ «ጥቁር» የሚለው ሲመረጥ ከሰውየው የሚጠበቀው የሳንባ አቅም ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ዝቅ ይል ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ የታመመው «ለእርሱ ዓይነት ሰው ደኅና ነው» ተብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ማስተያያ የወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 እ.ኤ.አ. ይኸው እንዲሠራበት መክሯል። አሮጌ መሣሪያ ያለበት ክሊኒክ ግን አሁንም የድሮውን ቀመር ይዞ ሊገኝ ይችላልና፣ በወረቀቱ ላይ የትኛው ማስተያያ እንደተመረጠ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የእኛ ሰዎችም በዚህ ረገድ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1985 እ.ኤ.አ. ሲጋራ የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች በስፓይሮሜትር የተለኩበት ጥናት ቶራክስ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከጥናቱ አቅራቢዎች አንዷ ኋላ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ለመባል የበቁት ያለምፀሐይ መኮንን ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና ተጀምሮ፣ ቁጥራቸው በጣት ይቆጠር የነበረው የሙያው ባለቤቶች እየበዙ መጥተዋል።

ወደ ጂቡቲ እንመለስ፤ ለወታደር የሚጠቅም አንድ ሌላ ነገር አለና። በዚያች ከተማ አየር ማረፊያ አጠገብ ካምፕ ሌሞኒዬር የተባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ይገኛል። አሜሪካኖች በኢራቅና በአፍጋኒስታን ሰፈሮቻቸው ቆሻሻን በክፍት ጉድጓድ ያቃጥሉ ስለነበር፣ ከዘመቻ የተመለሱ ብዙ ወታደሮች ትንፋሽ አጠረን ብለው ለዓመታት አቤት ሲሉ ኖረዋል። በነሐሴ ወር 2022 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕግ ከመስከረም 2001 ወዲህ በተዘረዘሩ አገሮች ያገለገለ ወታደር ኋላ አስም፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ ወይም የአየር ቧንቧ መጥበብ ቢገኝበት፣ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ እንዲታሰብለት ደነገገ። በዝርዝሩ ውስጥ ጂቡቲ አለች። ያንኑ አየር ስለሚተነፍሱት የወደብ ሸካሞችና እንጀራ ጋጋሪዎች የተጻፈ ተመሳሳይ ሕግ እስካሁን አላየንም።

ከዚሁ የአሜሪካ ታሪክ የምርመራውን ወሰን መረዳት ይቻላል። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ተመልሰው እንደ ቀድሟቸው መሮጥ ያቃታቸው 80 ወታደሮች ተመረመሩ። ከእነርሱ 49ኙ ከሳንባቸው ናሙና ሲወሰድ በ38ቱ ላይ የትናንሽ አየር ቧንቧዎች ጠባሳ ተገኘ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በስፓይሮሜትር ሲለኩ ውጤታቸው ደኅና ከሚባለው ብዙም አልራቀም ነበር። እንግዲህ «ደኅና» የሚል ወረቀት ሁሉ ነገሩን አይዘጋም። በተለይም ስፖርተኛ ወታደር ከዘመቻ በፊት ከሚጠበቀው ከመቶ 110 የነበረው ወርዶ 88 ቢሆን በወረቀት ላይ ደኅና ነው፤ ከራሱ ጋር ሲተያይ ግን ከአቅሙ አንድ አምስተኛ አጥቷል። የፊተኛው ቁጥሩ ካልተመዘገበ ይህን ማን ያውቃል? ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሳንባ ልኬት መመዝገብ ያለበት ሰው ከታመመ በኋላ ሳይሆን በምልመላ ጊዜ፣ ገና ጤነኛ ሳለ ነው። ይህን ጉዳይ ለሚመለከታቸው አለቆች በጽሑፍ አቅርበናል።

በቅርብ ስፓይሮሜትር ለሌላቸው ጓዶችም መንገዱ አልተዘጋም። ራይት የተባለ እንግሊዛዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውና ዛሬ ከፕላስቲክ በርካሽ የሚሠራ የትንፋሽ ፍጥነት መለኪያ አለ። ባትሪ አይፈልግም፤ ሰውየው ሲነፋ ጠቋሚው በተቆጠረው መስመር ላይ ይሮጣል። የስፓይሮሜትርን ያህል አይናገርም፣ የእትዬንም በሽታ ለመለየት አይበቃም። ነገር ግን ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት ተነፍቶ በደብተር ከተጻፈ የአስምን መዋዠቅ ያጋልጣል። በሥራ ቀንና በዕረፍት ቀን የሚታየው ልዩነትም በሽታው ከሥራ ቦታ መምጣት አለመምጣቱን ይጠቁማል። አስም ያለበት ሰው ሕመሙ ባልተነሣበት ቀን በስፓይሮሜትር ደኅና ሊመስል ስለሚችል ይህች ደብተር ዋጋዋ ቀላል አይደለም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ አክታውን ያስመርምር። የሳንባ ነቀርሳ በጂቡቲም ሆነ በአገራችን ገና ያልጠፋ ጠላት ነው፤ በጂቡቲ ፖል ፎር የተባለው ማዕከል በዚሁ ሕክምና የታወቀ ነው። ነቀርሳ ያለበት ሰው በዚያ ኃይል ሲነፋና ሲያስል በክፍሉ ያሉትን ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል። እንደዚሁም በቅርብ ቀን የልብ ሕመም የመታው፣ ዓይኑን፣ ደረቱን ወይም ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ጊዜ መስጠት አለበት። ለምርመራው የሚሄድ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከሲጋራና ከሩጫ ይታቀብ፣ ቀበቶውን ያላላ፣ መድኃኒት የሚስብ ከሆነም የትኛውን ለስንት ሰዓት ማቆየት እንዳለበት ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

እትዬ ወረቀታቸውን ተቀብለው ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ይህ ቁጥር ይመለሳል?» አሉ። ሐኪሙ አልዋሻቸውም። የጠፋው አይመለስም አላቸው። ሆኖም ማንኛውም ሰው ከወጣትነቱ በኋላ በአንድ ሰከንድ ከሚነፋው አየር በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣል፤ ጭስ ውስጥ ያለ ሳንባ ግን ከዚህ እጥፍ ሊያጣ ይችላልና፣ ከጭሱ ከራቁ መውረዱ ቀስ እንደሚል፣ የሚስቡት መድኃኒትም ትንፋሻቸውን እንደሚያቀልላቸው አስረዳቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ነገር ሲነሣ እትዬ ሳቁ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል እስከ ጂቡቲ ይደርሳል፤ የወሩ ሒሳብ ግን በእንጀራ ትርፍ የሚከፈል አይደለም። ስለሆነም በዚያው ቅዳሜ እኛና የወንድማቸው ልጅ ሸሚዛችንን አውልቀን የማድቤቱን ሁለት ግድግዳ ቆርቆሮ ነቀልን። ምጣዱን ነፋስ ወደሚወስድበት ጎን አዞርነው፤ ለምድጃው ጭቃ አቡክተን ጭሱ በአንድ በኩል እንዲወጣ አደረግን። ጎረቤቶች ቤቱ የሚፈርስ መስሏቸው ተሰብስበው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከእትዬ መልእክት ደርሶናል። ጋሼ ከጆንያው ሥራ ወጥተው በወደቡ በር ላይ ጥበቃ ሆነዋል፤ ደመወዙ ቀንሷል፣ ሌሊት ግን ይተኛሉ። እርሳቸው መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ወደዚያው የሕክምና ቤት ሄደው ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ሲወጡ ያረፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።